ዕጣ ያልወጣለት ክፍል

ዕጣው የወጣው ከዘበኛው ባርኔጣ ነው። ዳይሬክተሩ ካርቶን ይምጣ ብሎ ነበር። መምህሩ ግን «ካርቶን ጥግ አለው፤ ጥግ ካለው ወረቀት ይደበቃል፤ ወረቀት ከተደበቀ ሐሜት ይወለዳል» አለና የዘበኛውን ባርኔጣ ለመነ። ዘበኛው ባርኔጣውን ሲያወልቅ ራሱ ላይ ፀጉር የሚባል ነገር እንደሌለ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ሳቁ ከአጥር አጥር ተላተመ።

መምህሩ ሒሳብ አስተማሪ ነው። ተማሪዎቹ ጠመኔ ይሉታል። ሲጽፍ እጅጌው፣ ሲያስብ ግንባሩ፣ ሲቆጣ አፍንጫው ነጭ ስለሚሆን የወጣለት ስም ነው። እሱም ያውቃል፤ አይከፋውም። ሚስትም ልጅም የለውም። ያለችው አንዲት ታላቅ እህት ናት፣ እሷም ያለቻት አንዲት ልጅ። ልጅቱ ጭምቷ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ጎረቤቶች ናቸው፣ አፏ ለአፍታ እንኳ አርፎ ስለማያውቅ፤ ሰው ረጅሙን አጭሬ እንደሚለው ማለት ነው። ጭምቷ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ በአጎቷ ትምህርት ቤት።

ያ ትምህርት ቤት ልጅ የሚያፈስ ወንፊት ነበር። ዓመቱ ሲጀመር ሦስት ሦስት ሆነው ተጣበው የተቀመጡበት ዴስክ ክረምት ሳይገባ አንድ ልጅ ክርኑን ዘርግቶ ይተኛበታል። አንዱ ጋራዥ ይገባል፣ አንዷ ትዳራለች፣ አንዱ ዝም ብሎ ይቀራል። ጠመኔ ይህን ሲያይ ኖሮ አንጀቱ ቆስሏል። ስለዚህ አንድ ድርጅት «ልጆች ትምህርት እንዳያቋርጡ የሚያደርግ ሐሳብ ያለው ይምጣ» ሲል ቀድሞ የተነሣው እሱ ነው። እቅዱን ጻፈው። ከመጨረሻው ደወል በኋላ ልጆቹ ወደ ቤት አይሄዱም፤ ሻይ በዳቦ ይበላሉ፣ የከበዳቸውን ከሚያስጠናቸው ሰው ጋር ይቀመጣሉ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተያይዘው ይወጣሉ።

ድርጅቱ እቅዱን ወደደው። ነገር ግን አንድ ዓመት ይፈተን አለ። ስምንተኛ ክፍል ሁለት ቦታ ነው የሚማረው፣ ግማሹ ፎቅ ላይ፣ ግማሹ ምድር። አንደኛው ክፍል ጥናቱን ያገኛል፣ ሌላው እንደ ድሮው ደወል ሲደወል ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱ ይወዳደራሉ። ጥናቱ ልጆቹን ካቆያቸው ለሁሉም ይሆናል፤ ካላቆያቸው ድርጅቱ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። የትኛው ክፍል ይግባ ሲባል፣ አንዱ አስተማሪ ጎበዞቹ ይቅደሙ አለ፣ ሌላው ድሆቹ። ጠመኔ ተነሥቶ «ዕጣ ይጣል» አለ። «ዕጣ ዘመድ የለውም።»

እናም ዘበኛው ዓይኑን በመሐረብ ታስሮ እጁን በገዛ ባርኔጣው ውስጥ ከተተ።

«የፎቁ ክፍል» ተባለ።

የፎቁ ልጆች ጮኹ። የምድሮቹ መሬት መሬት አዩ። ከመሐላቸው አንድ ድምፅ ብቻ ወጣ፣ የጭምቷ።

«ቲቸር፣ ባርኔጣው ላብ አለበት፤ የእኛ ወረቀት ተጣብቆ ቀርቶ ነው። ይደገም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዘበኛውም ሳቀ። ጠመኔ ግን አልሳቀም። «ዕጣ አይደገምም» አለ። በዚያች ቅጽበት በራሱ ኮራ። የገዛ እህቱ ልጅ ከውጭ ቀርታ እንኳ ዕጣውን አላስደገመም። ሌሊቱን ጣራውን እያየ ተኝቶ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ በፀሐይ ግባት መብራት አብርቶ፣ ልጆች በየመስኮቱ ራሳቸውን ደፍተው ሲያጠኑ በሐሳቡ አየ። ትንሽ ብቻ መታገሥ ነው፣ አለ ለራሱ።

መጀመሪያ ደጅ የጠናው ዘበኛው ነው። ልጁ የምድሩ ክፍል ነበር።

«መምህር፣ አንድ ልጅ ቢጨመር ዳቦው ያንሳል?»

«ዳቦው አያንስም፤ ፈተናው ይበላሻል።»

«ባርኔጣዬን ተበድረው ልጄን ከደጅ ይመልሱታል? እሺ ይሁን። ግን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ዛሬ ቁልፉ በእጅዎ ነው።»

«እኔ አልተሾምኩም።»

«ቁልፍ የያዘ ሁሉ ሹም ነው፤ እኔን ይጠይቁኝ» አለና በሩን ሊዘጋ ሄደ። የዘበኛው ልጅ አልገባም። የሻይ ቤቷ ሴት እህት አልገባችም። የዳይሬክተሩ የጎረቤት ልጅ እንኳ ደረጃው ላይ ወጥቶ ተመለሰ። የጠመኔ ወሬ በሰፈሩ ተወራ። ፊት አይቶ የማያደላ፣ ውሃ ልክ የሆነ ሰው ተባለ። ወሬውም ደረሰው፤ ደስም አለው። መከራው የመጣው ከዚህ ደስታ ነው።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ እህቱ ትምህርት ቤት መጣች። እህቱ ስፌት ቤት ነው የምትሠራው። የሆስፒታል ጋወንና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፋበት፣ ቆርቆሮ ጣራ ያለው ረጅም አዳራሽ ነው። ከሥራዋ በምሳ ሰዓት አምልጣ ስለመጣች ክር ቀሚሷ ላይ ተጣብቋል። የመምህራኑ ክፍል ሰው ስላልነበረበት ወንበር ሳባ ተቀመጠች።

«ዳቦው ይሸታል» አለች ወደ ፎቁ እያየች። «ጥሩ ነው።»

«እታለም፣ በሰላም ነው?»

«ሱፐርቫይዘሯ ጭምቷን አምጪልኝ ብላ ይዛኛለች። ጣቷ ቀጭን ነው፣ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች ከተሰፋው ልብስ ትርፍ ክር ትቁረጥ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ጥናት አለባት ብዬ ዘግቼባት ነበር። አፏን የያዝኩት በዚህ ነው።»

«ጥሩ አድርገሻል።»

«ምን ጥሩ አለው? የሷ ልጅ የፎቁ ክፍል ናት። ምድር ያለው ጥናት የለውም ብላ ነገረቻታ። ትናንት በሰው ፊት፣ ለምን ትዋሺኛለሽ፣ አለችኝ። ክር መቁረጥ በከሰዓት ይጀመራል፣ ከዚያ ጠዋትንም ይበላል። ሳላይ ቀርቼ መሰለህ? የእኔ ማሽን ጎን ያሉት ልጆች ሁሉ እንደዚያ ነው የገቡት። አንዴ ከገባች ትምህርት አበቃ።» ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «አስገባልኝ። እኔ ልጄን ጎበዝ አድርግልኝ አላልኩህም። ከሰዓት የምትሆንበት ቦታ ብቻ ስጣት። እኔም ሱፐርቫይዘሯን ሂጂና በዓይንሽ እዪ እላታለሁ።»

ጠመኔ ጣቶቹን አየ። የጠመኔ ብናኝ የነካቸው ጣቶች ናቸው። «የዘበኛውን ልጅ መልሻለሁ» አለ።

«የዘበኛው ልጅ የዘበኛው ነው።»

«እሱን መልሼ የእኔን ካስገባሁ ነገ ሁሉም ደረጃው ላይ ነው። ሁሉም ከገባ የሚወዳደር ክፍል የለም። የሚወዳደር ከሌለ ጥናቱ መሥራቱ አይታወቅም፤ ድርጅቱ ይሄዳል። አንድ ዓመት ነው፣ እታለም። ለከርሞ ለሁሉም ነው።»

«ቆይ፣ የምድሩ ክፍል ሥራው ምንድን ነው?»

«እንዴት ሥራው?»

«ፎቁ ያጠናል። ምድሩ ምን ያደርጋል?»

ጠመኔ ለመመለስ አፉን ከፈተና መልሱ «ያቋርጣል» የሚል መሆኑ ስለገባው ዘጋው። እህቱም አላስገደደችውም። ተነሥታ ቀሚሷ ላይ ያለውን ክር አንድ በአንድ ለቀመች፤ የሚጣልበት ስታጣ በመዳፏ ጨብጣ ያዘችው።

«አባታችን ሲሞት አንተን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ አልልህም» አለች። «እንደማልልህም ታውቃለህ።» ወጣች።

የእህቱ ቃል ከጆሮው ሳይወጣ ዋለ። ለድርጅቱ ሰዎች ልጠይቅ እንዴ፣ ብሎ አሰበ። ከዚያ ስለ እሱ የሚወራው ወሬ ትዝ አለው። ውሃ ልክ የተባለ ሰው ሄዶ «የእህቴ ልጅ ናትና» ሊል ነው? ቃሉ ገና ከአፉ ሳይወጣ አሳፈረው። ተወው። በምትኩ እሁድ እሁድ ከሰዓት እህቱ ቤት እየሄደ ጭምቷን ያስጠናት ጀመር።

ጭምቷ እሁድን ወደደችው። እኩልታ ስትፈታ ከቁጥሮቹ ጋር ትጨቃጨቃለች። «አንተ ኤክስ፣ እዚያ ማዶ ምን ትሠራለህ? ና ወደ ቤትህ» ትለዋለች። አጎቷ ይስቃል። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ታጥፋለች፤ አትስቅም፣ ነገር ግን ማጠፏን ቀስ ታደርገዋለች።

«ጋሼ፣ ዳቦ ግን የለም» አለችው አንድ እሁድ።

«ዳቦው አይደለም የሚያስጠናው።»

«አውቃለሁ። የፎቆቹ ልጆች ግን ዳቦው ነው ይላሉ።»

ዓመቱ ሊጋመስ ሲል ከድርጅቱ ገምጋሚዋ መጣች። ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች፣ የሰው ንግግር ሳታቋርጥ የምታዳምጥ። መምህራኑን ሰብስባ አመሰገነቻቸው። በመጨረሻ «አደራ፣ የምድሩን ክፍል ልጆች በጎን እንዳታስጠኗቸው» አለች። «ልባችሁ እንደሚራራ አውቃለሁ። ነገር ግን ሁለቱ ከተደባለቁ ልዩነቱን ማየት አንችልም።» ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠመኔ ከሁሉም በላይ ነቀነቀ። እሁድ ደረሰ። ጫማውን አጥልቆ ከበሩ ደረሰ፤ ተመለሰና አወለቀው። ከዚያ ወዲያ እሁድ አልሄደም።

ጭምቷ ሰኞ ኮሪደር ላይ ጠብቃ ያዘችው። «ጋሼ፣ ታመህ ነው?»

«ትምህርት ቤት ውስጥ ቲቸር በዪኝ።»

«ቲቸር፣ ታመው ነው?» አለች፣ ሳቋን እየያዘች።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው። ለከርሞ ከሁሉም ጋር ታጠኛለሽ።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ። «እሺ» አለች። ጭምቷ እሺ ብላ ዝም ስትል ያኔ ነው ያየው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ውሃ ሲሄድ እንደማየት ነው። ከሰዓት ከሰዓት ስፌት ቤት ገባች። ጠዋት ክፍል ስትመጣ ፀጉሯ ላይ ነጭ ብናኝ ነበረ፣ የጨርቅ። ልጆቹ «አንቺም እንደ አጎትሽ ጠመኔ ሆንሽ» ብለው ቀለዱባት፤ እሷም አብራ ቀለደች። ቀጥሎ እንቅልፍ ጀመራት። የመንፈቁን ፈተና ሒሳብ ወደቀች። እሱ ራሱ ነው ያረመው፣ ቀይ እስክሪብቶው እንዴት እንደከበደው። ከዚያ አንድ ቀን ቀረች፣ አንድ ቀን መጣች። ኋላም የጎኗ ልጅ ደብተሯን በባዶው ቦታ ላይ ዘርግታ ተደላድላ ተቀመጠች።

አንድ ምሽት እህቱ ቤት ሄደ። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች፤ ግባ አላለችውም። ከውስጥ ጭምቷ ከነዩኒፎርሟ አልጋ ላይ ተዘርራ ትታያለች። ዩኒፎርሙ የትምህርት ቤት አይደለም፤ ሰማያዊ የሥራ ሽርጥ ነው።

«አሁን ምን ልሁን ብለህ መጣህ? ጅብ ከሄደ ነው?»

«ትንሽ ታገሺ፣ እታለም። ዓመቱ ሊያልቅ ነው።»

«እኔ ታግሻለሁ» አለች። «እሷ ናት ያለቀችው። አትቀስቅሳት፣ ገና አሁን ነው ጋደም ያለችው።» በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ብትደረግምበት ይሻለው ነበር።

ዓመቱ አለቀ። ገምጋሚዋ መጣችና በዳይሬክተሩ ቢሮ ተቀመጡ። ከፎቁ ክፍል ያቋረጠ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ቤተሰቡ ሌላ ከተማ ስለሄደ። ከምድሩ ክፍል ግን በየዴስኩ ጎዶሎ ነበር። የዘበኛው ልጅ እንኳ ጋራዥ ገብቷል። ዳይሬክተሩ ከደስታው ብዛት ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተው።

«እንዲህ የጠራ ውጤት አይቼ አላውቅም» አለች ገምጋሚዋ። «መምህር፣ የእርስዎ ጥንቃቄ ነው። ሌላ ቦታ ሁሉም ሾልኮ እየገባ ይደበላለቅብናል። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ለሁሉም ክፍል፣ ለአጎራባች ትምህርት ቤቶችም ተፈቅዷል።»

ዳይሬክተሩ ሻይ ሊያዝ ወጣ። ጠመኔ ደስታው ሲመጣ ጠበቀው። ዓመቱን ሙሉ በሐሳቡ ያየው መብራት፣ ራሳቸውን ደፍተው የሚያጠኑት ልጆች፣ ሁሉም ሊሆን ነው። ደስታው ግን አልመጣም። በምትኩ አፉ ሳያስበው ተናገረ።

«የእህቴ ልጅ የምድሩ ክፍል ነበረች።»

«ውይ» አለች ገምጋሚዋ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቀጠለች?»

«አልቀጠለችም። እናትየዋ አስገባልኝ ብላኝ ነበር። ፈተናው ይበላሻል ብዬ መለስኳት።»

ገምጋሚዋ ወደ እሱ ዞረች። ስታየው፣ ልትለው የፈለገችውንና ልትለው የማይገባትን እየለየች መሰለች። ግን ገና ወጣት ናት፤ እውነቱን ተናገረች።

«መምህር፣ ለምን አልጠየቁኝም? አንድ የተለየ ችግር ያለባት ልጅ ብትገባ እኮ እሷን ከውድድሩ አውጥተን እንተዋታለን፤ አትቆጠርም፣ በቃ። በየቦታው የምናደርገው ነው። ሁለት ሦስት ልጅ እንዲህ ይገባል። ምንም አይበላሽም።»

«ምንም?»

«ምንም። ስልክ ቢደውሉልኝ ይበቃ ነበር።»

ዳይሬክተሩ ሻዩን ይዞ ገባ። ጠመኔ ጠጣው። ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ አላወቀም።

ከዚያው ወደ ስፌት ቤቱ ሄደ። ልጅቱን አውጥቶ፣ እጇን ይዞ፣ እንደገና ሊያስመዘግባት፣ በሐሳቡ ከበሩ ጀምሮ የሚናገረውን ደርድሮ ነው የሄደው። አዳራሹ ውስጥ የማሽኖቹ ድምፅ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ሱፐርቫይዘሯ አንገቷ ላይ ሜትር አንጠልጥላ መጣች። ዩኒፎርም ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛ መስላት ፈገግ አለች። ማንን እንደፈለገ ሲነግራት ፈገግታዋን ሰበሰበች። «ቶሎ ይበሉ፤ የስፌቱ መሥመር ይቆማል» አለችው።

ክር ከሚቆርጡት ልጆች መሐል ፈለጋት፤ የለችም። እህቱን በማሽኗ ፈለገ፤ የለችም። በእህቱ ማሽን ላይ ጎንበስ ብላ እጅጌ የምትሰፋው ጭምቷ ነበረች። እጇ እንደ እናቷ እጅ ይሄዳል። ስታየው እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሣች።

«ጋሼ! እዚህስ ቲቸር አልልህም።»

«እናትሽስ?»

«ቤት ናት። ዓይኗ መርፌውን ሁለት እያደረገባት ጣቷን ወጋችው። ቦታውን ለሌላ ሰው ከሚሰጡት እኔ ተቀመጥኩበት።» ወዲያው ፊቷ በራ። «ውጤቱ መጣ እንዴ?»

«መጣ።»

«ሠራ?»

«ሠራ። ለሁሉም ሊሆን ነው።»

«እሰይ» አለች። ከልቧ ነው። ያ እሰይ ከስድብ ሁሉ በላይ አቆሰለው።

«ተመለሺ» አላት። «እኔ ራሴ አስመዘግብሻለሁ። ከሰዓት ጥናት አለ፣ ሁሉም አለ።»

ጭምቷ እጅጌውን ከማሽኑ ሥር አውጥታ አገላበጠችው። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። «እኔ ብነሣ እዚህ የሚቀመጥ ደጅ ላይ ቆሟል፤ ሲገቡ አላየሃቸውም? እማዬ አሁን ሌላ ሥራ አትችልም። ማን ያበላታል?»

«እኔ አለሁ።»

«አንተንማ አትቀበልህም» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ በማሽኖቹ ጩኸት መሐል ተናገረች። «ግን አትዘንባት። እኔ ሁልጊዜ እነግራታለሁ። ጋሼ አንቺን ንቆ አይደለም፣ እኔ ብገባ ኖሮ ለሁሉም ይበላሽ ነበር፣ የሌላው ሰው ልጅ ሁሉ ያጣ ነበር እላታለሁ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ለራሴም እንደዚያ እላለሁ።» ዓይኗን ዓይኑ ላይ አሳረፈች። «ይበላሽ ነበር አይደል?»

ከበሩ ጀምሮ የደረደረው ቃል ሁሉ ከአፉ ጠፋ። የገምጋሚዋ ድምፅ ብቻ ነበር የቀረው፣ ስልክ ቢደውሉልኝ ይበቃ ነበር የሚለው። ያንን ቢነግራት ልጅቷ ምን ይቀራታል? ባይነግራትስ እሱ ምን ይቀረዋል? ጭምቷ አሁንም እያየችው ነው። መልሱን እንደ ዳቦ ነው የምትጠብቀው።

«ይበላሽ ነበር» አላት።

«አየህ» አለች ጭምቷ። ትከሻዋ ቀለል አለ። ሱፐርቫይዘሯ ከማዶ እጇን አጨበጨበች። ልጅቱ ሌላ እጅጌ አነሣች፤ ጫፉን ከጫፉ አገጣጥማ መርፌው ሥር አስገባችና ፔዳሉን ረገጠች። ጠመኔ ትንሽ ቆመ። ከዚያ መንገድ እንዳይዘጋባቸው በማሽኖቹ መሐል ጎኑን እየሰበሰበ ወጣ።